ዳሽ ካሙ ሌሊቱን እየቀረጸ መኪናው ጠዋት እንዲነሳ፦ ባትሪን ሳይጎዱ ካሜራ የማሳደር ዝርዝር መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪና ለሚያሳድር ሰው ዳሽ ካም (ከፊት መስታወቱ ላይ የሚገጠም መቅረጫ ካሜራ) ለምን እንደሚገዛ ማስረዳት አያስፈልግም። ስፖኪዮ ይነቀላል፣ በር ይጫራል፣ ወደኋላ ሲወጣ ገጭቶ ዝም ብሎ የሚሄድም አለ። ጠዋት ወርዶ የተላጠ መከላከያ ማየት ያናድዳል፤ ማን እንዳደረገው አለማወቅ ደግሞ የባሰ ያበግናል። እኔም የገዛሁት ለዚሁ ነው።

በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ታህሳስ ውስጥ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የታመመ ልጇን ያቀፈች ጎረቤቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ወረድኩ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) አንዴ «ጠቅ» አለ፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ጠፉ። ደግሜ ሳዞር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ብቻ። የግቢው ዘበኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና በመስኮቱ አጎንብሰው «ልጄ፣ ያቺ ካሜራህ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሰማያዊ መብራት ስታበራ ነው ያደረችው» አሉኝ። ጎረቤቴ ልጇን ይዛ በባጃጅ ሄደች፤ እኔ ኮፋኖ ከፍቼ ቀረሁ።

ካሜራውን የገጠመልኝ ባለሙያ ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ላይ በቀጥታ አስሮት ኖሯል። ባትሪው ሲደክም የሚቆርጥ ነገር በመሃል አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን ራሴ ተምሬ ለራሴም ለጎረቤቶቼም ስገጥም አንድ ነገር ገባኝ፦ ካሜራ ብቻውን ባትሪ አይገድልም። ባትሪ የሚሞተው የሌሊቱ ወጪ ከቀኑ ገቢ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ ሽቦ ከመንካታችን በፊት ወጪና ገቢውን እንወቅ።

አንድ፦ ባትሪው ያለበትን ሁኔታ መለካት

ዲጂታል ቴስተር ያስፈልጋል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሰፈራችሁ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አታጡትም፤ ለዚህ ሥራ ርካሹ ይበቃል። መምረጫውን ቀጥተኛ ቮልት የሚለው ክፍል ውስጥ 20 ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፕላስ፣ ጥቁሩን በማይነሱ ላይ አሳርፉ።

የምትለኩት መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ካሜራው ተነቅሎ ነው። በር ስትከፍቱ የውስጥ መብራት ስለሚበራ እስኪጠፋ ጠብቁ። ሞተር እንዳጠፋችሁ ወዲያው ብትለኩ ቁጥሩ ያታልላችኋል፤ ሞተሩ ሲዞር ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ የሰጠው ላይ ላዩን ስለሚታይ የደከመ ባትሪም ጤነኛ ይመስላል።

ባትሪው «ባለ 12 ቮልት» ይባላል እንጂ 12 ላይ ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ሙሉ ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ያሳያል። 12.4 ማለት ሦስት አራተኛ ያህል አለው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው። 11.8 ከሆነ ባዶ ነው በሉት። እነዚህን ቁጥሮች ኮፋኖው ሥር በወረቀት ጻፉና ለጥፉ፤ ካሜራውን ስናስተካክል እንመለስባቸዋለን።

ቀጥሎ ሰው አስነሱና ሞተሪኖው ሲዞር ቴስተሩን ተመልከቱ። ቮልቱ ለአፍታ መውረዱ ያለ ነው፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። 13 ላይ ከቀረ ካሜራውን ትታችሁ የዲናሞውን ቺንግያ፣ ከዚያም ዲናሞውን ራሱን አስመርምሩ። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የዲናሞውን ቮልት እንደ ሁኔታው ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ በእነሱ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ባትሪያችሁ አራት ዓመት ካለፈውና ጠዋት ጠዋት 12.3 ላይ የሚገኝ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፦ የትኛውም ዘዴ ካሜራ አያሳድርለትም። መጀመሪያ ባትሪ ቀይሩ።

ሁለት፦ ካሜራው ስንት ይበላል?

ቻርጀሩ ላይ «5 ቮልት 2 አምፔር» ተብሎ የተጻፈው መስጠት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው እንጂ ካሜራው የሚወስደው አይደለም። አብዛኞቹ ባለ አንድ ሌንስ ካሜራዎች ሲቀርጹ 3 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ የፊትና የኋላ ያላቸው 5 ዋትና ከዚያ በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። 3 ዋትን ለ12 ቮልት ስናካፍል 0.25 አምፔር ይሆናል፤ ኃይሉ ከ12 ወደ 5 ሲቀየር የሚባክነው ሲጨመር 0.3 አምፔር እንበለው።

የራሳችሁን በትክክል ለማወቅ በዩኤስቢው መሃል የሚሰካውን ትንሽ መለኪያ ተጠቀሙ። በቴስተሩ ራሱ አምፔር መለካት ይቻላል፤ ግን ቀዩን ገመድ ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ካዛወራችሁት በኋላ ጫፎቹን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ፈጽሞ እንዳታሳርፉ። ሾርት ያደርጋል፤ ቴስተሩን ያቃጥላል፣ እጃችሁንም ሊያቃጥል ይችላል። መስመሩ ውስጥ አስገብታችሁ ስትለኩም ሞተር እንዳታስነሱ።

አሁን ሂሳቡ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 11 ሰዓት ነው። 0.3 ሲባዛ በ11፣ 3.3 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ቪትዝን የመሰለች ትንሽ መኪና ባትሪ 36 አምፔር ሰዓት ገደማ ቢይዝ፣ አንድ ሌሊት ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ይሄ አያስፈራም።

የሚያስፈራው እሁድ ነው። ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት አቁማችሁ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብትወጡ 35 ሰዓት ሆነ፤ 10.5 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ከ36ቱ 30 በመቶ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ባትሪው አርጅቶ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሄዷል። በዚያ ላይ የኅዳርና የታህሳስ ብርድ አለ፤ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ይወፍርና ሞተሪኖውን ያከብድበታል። የሰፈራችን መኪኖች ሰኞ ጠዋት የሚለግሙት በዚህ ነው።

ገቢውስ? ብዙዎቻችን «ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ ይሞላል» ብለን እናምናለን። ዲናሞው መስጠት ይችላል፤ ባትሪው ግን የመቀበል አቅም አለው። ከ80 በመቶ በላይ ሲደርስ ቀስ እያለ ነው የሚቀበለው፤ የመጨረሻው 20 በመቶ ለብቻው ሰዓታት ይፈጃል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ቦሌ ደርሶ የሚመለስ ሰው የአንድ ሌሊቱን ወጪ ይሸፍናል። መኪናዋን ከግቢ አስወጥቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ በአሥር ደቂቃ የሚመለስ ሰው ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዕዳ ይገባል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ዕዳው ይደርሳል። ማታ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና ማሞቂያ ከፍቶ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ መቆምም ብዙ አይሞላም፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው የሚሰጠው ይቀንሳል።

ሦስት፦ ምን እንደምትፈልጉ መወሰን

ካሜራው ስትነዱ ብቻ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰኩት፤ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ቁልፉን ነቅላችሁ፣ በር ቆልፋችሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና በመስኮት ካሜራውን እዩ። መብራቱ ከቀጠለ የመኪናችሁ መሰኪያ ሁልጊዜ ኃይል አለው ማለት ነው፤ ማታ ማታ መንቀል አለባችሁ።

ሌሊትም እንዲቀርጽ ከፈለጋችሁ ባትሪ ጠባቂ ያለው የመግጠሚያ ገመድ ግዙ። መሃሉ ላይ ትንሽ ሳጥን አለው፤ የባትሪው ቮልት ከወሰናችሁለት ሲወርድ ካሜራውን ይቆርጣል። የእኔ ካሜራ ሲገጠም የጎደለው ይህ ሳጥን ነበር። ከካሜራችሁ ሞዴል ጋር የሚሄደውን ግዙ፤ የዩኤስቢ ጫፉ አንድ ቢሆንም መኪናው ቆሞ ሳለ የሚቀርጽበት የፓርኪንግ ሞዱ ላይነሳ ይችላል።

አራት፦ ገመዱን መግጠም

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ቴስተሩ፣ የፊውዝ ማጋሪያ ሁለትና ትርፍ ፊውዞች ይኑሯችሁ። የፊውዝ ማጋሪያ ማለት በአንድ የፊውዝ ቤት ላይ ሁለተኛ መስመር የሚያወጣ ትንሽ መሰኪያ ነው። ፊውዞች በመጠን ይለያያሉና ከመኪናችሁ አንዱን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያይታችሁ ግዙ። ሽቦ ልጦ ከፊውዙ እግር ጋር ጠቅልሎ መሰካት እዚህ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ይለቃል፣ ይሞቃል፣ መኪና ያቃጥላል።

ገመዱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፦ ጥቁር ለማሳ (ለመኪናው ብረት)፣ ቀይ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ለሚያገኝ መስመር፣ ቢጫ ሁልጊዜ ኃይል ላለው መስመር። ከቀለሙ ይልቅ አብሮት የመጣውን ወረቀት እመኑ፤ አንዳንድ አምራች ያቀያይራቸዋል።

የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ነው። ከክዳኑ ጀርባ ያለውን ሥዕል አንብቡ። የኤርባግ፣ የፍሬንና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዞችን እንዳትነኩ። ለቀዩ የሲጋራ መለኮሻው ወይም የሬዲዮው ፊውዝ ይሆናል፤ ለቢጫው የውስጥ መብራት ፊውዝ ጥሩ ነው። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በንጹህ ብረት ላይ አድርጋችሁ በቀዩ ፊውዙን ንኩ። ቁልፉ ተዘግቶም 12 የሚያሳየው የቢጫው ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ የሚያሳየው የቀዩ ነው። አንዳንድ መስመር ቁልፍ ከተነቀለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ፊውዙን ንቀሉና ባዶው ቤት ላይ ካሉት ሁለት እግሮች የትኛው ከባትሪ በኩል እንደሚመጣ በቴስተሩ እዩ። የማጋሪያው ሽቦ ያለበት ወገን ከዚያ በተቃራኒው በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ሰኩት፤ ያኔ ሁለቱም መስመር በየራሱ ፊውዝ ይጠበቃል። የቀድሞውን ፊውዝ ወደ ታችኛው ቦታ መልሱ፣ በላይኛው ለካሜራው 2 ወይም 3 አምፔር አስገቡ። «ይቃጠላል» ብላችሁ 10 እንዳትከቱ፤ ፊውዝ ቀድሞ እንዲቃጠል ነው የተሠራው።

ጥቁሩን ሽቦ ቀለም በሌለው የመኪናው ብረት ላይ በብሎን አጥብቁ። ቀለም ከተቀባ ቦታ ላይ ካሰራችሁት ሳጥኑ ቮልቱን አሳስቶ ያነብና ካሜራው ያለሰዓቱ ይጠፋል። ሰዎች «ዕቃው የማይረባ ነው» ብለው የሚመልሱት ገመድ አብዛኛው ችግሩ እዚህ ነው።

ገመዱን በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ አድርጋችሁ ከመስታወቱ ጎን ባለው ቋሚ በኩል አውርዱ። ቋሚው ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ገመዱ ከኤርባጉ በስተጀርባ ይለፍ፤ በፊቱ ካለፈ ሲፈነዳ እንቅፋት ይሆናል። እዚህ ጋ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ስጡ፤ ግን አጠገቡ ቆማችሁ የትኛው ፊውዝ ላይ እንዳሰረው ጠይቁ።

አምስት፦ የሚቆርጥበትን ቮልት መምረጥ

ሳጥኑ ላይ ወይም ካሜራው ውስጥ 11.6፣ 11.8፣ 12.0፣ 12.2፣ 12.4 የሚሉ ምርጫዎች ታገኛላችሁ። ኮፋኖው ሥር የለጠፋችሁትን ወረቀት አስታውሱ። 11.6 ማለት ባዶ እስኪሆን ይቀረጽ ማለት ነው፤ ካሜራው ያድራል፣ መኪናው ይቀራል። የእኔ ምክር፦ ባትሪው አዲስ ከሆነ 12.2፣ ሁለት ዓመት ካለፈው ወይም ብርዱ ከገባ 12.4። 12.0 በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ካልሆነ አይመከርም። ባትሪ ከግማሽ በታች ወርዶ በቆየ ቁጥር ሰሌዳዎቹ ላይ የሚቀመጠው ሰልፌት ይጠነክራል፤ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉትም አይለቅም። ጠዋት ተነሳ ማለት አልተጎዳም ማለት አይደለም።

የቆይታ ገደብ ካለው ደግሞ ካቆማችሁ 12 ሰዓት ቆይቶ እንዲጠፋ አድርጉት። ሌሊቱን ይሸፍናል፣ የእሁዱን ዕዳ ግን ያስቀራል።

ከዚያ አታምኑት፣ ፈትኑት። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አቁሜ በየሦስት ሰዓቱ እየወረድኩ ለካሁ፤ ዘበኛው «ዛሬስ ምን ሆነብህ?» እስኪሉኝ ድረስ። 12.2 ላይ ያደረግሁት ሳጥን ባትሪው ላይ 12.3 እያለ ቆረጠ። ምክንያቱ ቀጭኑ ገመድ ነው፤ በርዝመቱ ትንሽ ቮልት ይጠፋበትና ሳጥኑ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ወደ ጥንቃቄው ያደላ ስህተት ስለሆነ ተውኩት። የእናንተ በተቃራኒው ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ስድስት፦ ወጪውን መቀነስ

እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚቀርጸው ምርጫ ኃይል የሚቆጥብ ይመስላል። ብዙ ካሜራ ላይ የሚቆጥበው የሜሞሪ ካርዱን ቦታ ነው፤ እንቅስቃሴ ለማየት ሌንሱም አንጎሉም ነቅተው ስለሚያድሩ የሚበላው ብዙም አይቀንስም። በእውነት የሚቀንሰው ካሜራው ተኝቶ ግጭት ሲሰማው ብቻ የሚነቃበት ምርጫ ነው። ጉዳቱ ከመገጨቱ በፊት ያለውን አለማሳየቱና ስፖኪዮ በቀስታ ለሚነቅል ሌባ አለመንቃቱ ነው። እኔ ሌባውን ስለምፈራ ሙሉ ሌሊት አስቀርጸዋለሁ፤ የአጥር በር ያለው ግቢ ውስጥ የምታሳድሩ ግን ግጭት ሲሰማው የሚነቃው ይበቃችኋል። ስክሪኑንና ዋይፋዩን ሁላችሁም አጥፉ።

ሽቦ መንካት ለማይፈልግ ሰው ፓወር ባንክ አለ። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው 37 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከብክነቱ በኋላ 30 ቢተርፍ 3 ዋት የሚወስድ ካሜራን 10 ሰዓት ያህል ያሠራል። ማታ ሰክቶ፣ ጠዋት ነቅሎ ቤት ወስዶ መሙላት ነው። የመኪናውን ባትሪ ጨርሶ አይነካም። ነገር ግን ቀን ፀሐይ ላይ መስታወት ሥር እንዳትተዉት፤ ሊትየም ባትሪ ሲግል ያብጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በዚሁ ምክንያት ካሜራ ስትገዙ ውስጡ ሊትየም ባትሪ ካለው ይልቅ ካፓሲተር ያለውን ምረጡ።

ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። እነሱም ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም። ስሌቱ ያው ነው፤ የትልቁን ባትሪ ከፍተኛ ቮልት የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ገመዶች ብቻ በጭራሽ እንዳትነኩ።

ሰባት፦ ገቢውን መጨመር

አጭር መንገድ የምትነዱ በሳምንት አንዴ ረዘም አድርጋችሁ ንዱ። እኛ ጋ የአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ ደጃችን ላይ ስለሚጀምር ምቹ ነው። የተሻለው ግን ሲሞላ ራሱን የሚቀንስ የቤት ቻርጀር ነው፤ በ4 አምፔር ሌሊቱን ይሞላል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ አንዳንዱ ቻርጀር ከዜሮ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ እዩ። አየር በሚገባበት ቦታ አድርጉት፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ፍንጣሪ ይያያዛል።

ክረምት ሲወጣ የባትሪውን ራሶች ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ማይነሱን አስቀድማችሁ ፍቱ፣ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ስትመልሱ ፕላሱን አስቀድሙ።

ጠዋት እምቢ ካለ

ካሜራውን ንቀሉ። ኬብል ያለው ጎረቤት ከመጣ ቀዩን ከሞተው ባትሪ ፕላስ ወደ ጤነኛው ፕላስ፣ ጥቁሩን ከጤነኛው ማይነስ ወደ እናንተ መኪና ሞተር ባዶ ብረት አድርጉ፤ ወደ ባትሪያችሁ ማይነስ አይሁን። ጤነኛው ሞተሩ በርቶ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አስነሱ። ስትፈቱ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ነው። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ሰፈር አስተባብራችሁ አትግፉ፤ በመግፋት አይነሳም።

ከተነሳ በኋላ የዚያን ቀን ማታ ካሜራውን አታሳድሩት። ባትሪውን ቤት ሞልታችሁ፣ አንድ ሌሊት አሳርፋችሁ፣ ጠዋት ለኩት። 12.6 ካላሳየ ወደ ቁጥር አንድ ተመለሱ።